የጓሮው ግሪንሃውስ ይተንፍስ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ክረምቱ ወጥቷል፤ ጥቅምት ሊገባ ነው። አያቶቻችን "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚሉት የወሩን ብርድ ስለሚያውቁ ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ያ ብርድ ሳይደርስ ጓሮ ውስጥ መሠራት ስላለበት ሥራ ነው። ከቻላችሁ ሬዲዮዋን ይዛችሁ ወደ ጓሮ ውጡ።

(የመዶሻ ድምፅ፤ ብረት ላይ፤ ጥቂት ሰኮንድ)

ይህን ድምፅ የቀዳሁት ዓምና፣ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ከወላጆቼ ቤት ጀርባ ነው። እዚያ አባቴ በሕይወት ሳለ የሠራት ትንሽ ግሪንሃውስ አለች። ወርዷ ሦስት ሜትር፣ ርዝመቷ አራት ሜትር ነው። ጎንና ጎኗ ከምናለሽ ተራ እየተለቀሙ የመጡ አሮጌ የብረት መስኮቶች ናቸው። ማዕዘኖቿ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ጣሪያዋ ላስቲክ። ሰፈሩም "ላስቲክ ቤቷ" ነው የሚላት። አባታችን ካረፈ በኋላ በሯን የከፈተ ሰው አልነበረም። ዓምና ወንድሜና እኔ ልናፈርሳት ገባን። ሳናፈርሳት ወጣን።

እናንተስ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም? ላስቲኩ ተቀዳዶ ነፋስ የሚያርገበግበው፣ መስታወቱ የተሰበረ፣ ውስጡ የድሮ ባልዲና የወንበር እግር የሞላበት? ካለ፣ ዛሬ አብረን እንየው።

(አጭር ሙዚቃ)

በሯን ስንገፋ መጀመሪያ የመጣብን ሽታው ነው። የታፈነ ምድር ቤት ሽታ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ፣ ምሰሶው ላይ ነጭ ሻጋታ። ቀና ስል ጣሪያው ጫፍ ላይ አባቴ የሠራው የአየር መውጫ መዝጊያ ታየኝ። በስድስት ትላልቅ ምስማር ተቸንክሯል።

ለምን ቸነከረው? ወንድሜ ያስታውሳል። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ውርጭ ቲማቲሙን በአንድ ሌሊት አጠቆረው። አባቴ በጣም አዘነ። ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚያ ቀዳዳ ነው ብሎ አሰበና ዘጋው። ከዚያ ዓመት ወዲያ ተክሎቹ በውርጭ መሞታቸው ሳይቀር፣ በላዩ ላይ መበስበስ ተጨመረባቸው። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ግንዱ ይላላል፣ ፍሬው ሳይቀላ ይወድቃል። አባቴ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ያሰበው ሐሳብም ማንኛችንም የምናስበው ነው። ግን ትክክል አልነበረም። ስለዚህ የዛሬውን ትልቅ ነገር አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ኋላም ደግሜ እላለሁ። አሮጌ ግሪንሃውስ ሲታደስ መጀመሪያ የሚጠገነው መተንፈሻው ነው።

ምክንያቱን እንየው። ጉለሌ የእንጦጦ ተዳፋት ነው። ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ ብርዱ ይቆርጣል። ፀሐይ በላስቲኩና በመስታወቱ አልፋ አፈሩንና ቅጠሉን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ግን መውጫ የለውም። ዓምና ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በሩንም መውጫውንም ዘግቼ፣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር አየሁ። ውጭ 22 ዲግሪ፣ ውስጥ 41። ቲማቲም ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆንበት አበባው ፍሬ አይቋጥርም፤ ይረግፋል። ብዙዎቻችን "ብርድ መታው" የምንለው አበባ፣ ቀን በሙቀት የተመታ ነው።

ሌላም አለ። ቀን ከአፈሩና ከቅጠሉ የተነሣው እንፋሎት ማታ ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ጠል ይሆናል። ንጋት ላይ ገብታችሁ ቀና ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጣሪያው በጠብታ ተሸፍኗል፤ አንዱ ጠብታ ከሌላው ጋር ይገናኝና ይከብዳል፣ ከዚያ ቅጠል ላይ ጠብ። እርጥብ ቅጠል፣ የቆመ አየር፣ ቅዝቃዜ፤ የቲማቲምና የድንች ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ ከዚህ የበለጠ የሚመቸው ነገር የለም።

ታዲያ መተንፈሻው እንዴት ይሠራ? እስቲ ወጥ ቤታችሁን አስቡት። ጭሱ ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይ። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ይወጣል። ግን ከላይ ያለው እንዲወጣ ከታች አዲስ አየር መግባት አለበት። ስለዚህ ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ ሌላው ከጎን በጉልበት ከፍታ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲደመሩ ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ቢሆኑ ጥሩ ነው። የእኛ ወለል 12 ካሬ ነው፤ አንድ አምስተኛው ከአንድ የቤት በር ስፋት ትንሽ ይበልጣል። ብዙ ይመስላል? ይመስላል። ግን ልክ ነው።

እኛ ስድስቱን ምስማር ነቅለን መዝጊያውን በሁለት ማጠፊያ አንጠለጠልነው፤ ከታች የሚሳብ ገመድ አሰርንለት። ከጎን ደግሞ ሁለት የብረት መስኮቶች መከፈት እንዲችሉ አደረግን፤ ነጭ ዝንብና ክሽክሽ እንዳይገባ በውስጥ በኩል ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ወጠርንባቸው። ወንፊት አየር ስለሚቀንስ መስኮቱን ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ከሰዓት አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ ገና ሳለ፣ ይዘጋል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ቢዘጋ የቀኑ ሙቀት አምልጧል።

(የሙዚቃ ድልድይ)

አሁን ወደ ቤቷ አጥንት፣ ማለትም ወደ ብረቱና ወደ ምሰሶው፣ እንሂድ። የሰፈራችን በያጅ እድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው። ጠርተን አሳየናቸው። የመስኮቶቹን ብረት በጥፍራቸው ሞከሩት፣ በካቻቢቴ ነካ ነካ አደረጉት። ከላይ ጠንካራ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ፣ አፈሩ ጋ ሲደርሱ፣ ካቻቢቴው ሳይገፋ ገባ። ብረቱ እንደ ደረቅ ቂጣ በንብርብር እየተላጠ እጃቸው ላይ ቀረ።

"ጋሼ፣ እንጣለው?" አልኳቸው።

"ለምን ይጣላል፣ ልጄ? ብረቱ አልሞተም። የሞተው እግሩ ነው" አሉኝ።

እግሩን ብቻ፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ ቆርጠው በአዲስ አንጎላሬ ተኩት። ከሥሩም ከመሬት ከፍ ያለ ኮንክሪት አፈሰስንለት፤ ብረቱ ከእንግዲህ አፈር እንዳይነካ። የቀረውን ወንድሜና እኔ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባን፣ በላዩ ነጭ። ነጭ ያልኩት ለውበት አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ብረት በጣም ይግላል፤ የጋለ ብረት የነካው ላስቲክ እዚያው ቦታ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል። አሮጌ ላስቲክ ካላችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ የተቀደደው አብዛኛውን ጊዜ በብረቱ መስመር ነው።

እንጨቱንስ? የባሕር ዛፍ ምሰሶም ሚስጥሩ አንድ ነው። ላዩን አይታችሁ አትፍረዱ። ምሰሶው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በአንድ ጣት ጥልቀት ቆፈር አድርጉና ቢላ ውጉት። ቢላው በቀላሉ ከገባ በስብሷል። እኛ ከአራቱ ምሰሶ ሁለቱን ቀየርን። ምሰሶ እንዳይበሰብስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ። እኔ ለዚህ ቤት አልመክርም፤ አጠገቡ የምንበላው ነገር ይበቅላል፣ ዘይቱም ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጣችሁ በላዩ ብታቆሙት ይሻላል።

በዚሁ ላይ ቦይ። ጉለሌ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ነሐሴ ላይ ውኃው ከእንጦጦ በኩል እየተንደረደረ ነው የሚመጣው። የእኛዋ ግሪንሃውስ እግሯ የበሰበሰው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ግድግዳዋን ተደግፎ ስለሚቆም ነበር። ከዳገቱ በኩል አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረን ጠጠር ሞላንበት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ሳታደርጉ ብረት ብትቀይሩ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ብረት ትቀይራላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ለአፍታ ራቅ እንበል። ለንደን ውስጥ ኪው የሚባል ስመ ጥር የእፅዋት ማዕከል አለ። እዚያ "ቴምፐሬት ሃውስ" የተባለ ግዙፍ የመስታወት ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1863 የተከፈተ፣ በብረትና በመስታወት የተሠራ። ዘመን ሲጫነው እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘጋ፤ ተጠግኖ እስኪከፈት አምስት ዓመት ፈጀ። 15,000 መስታወት ተቀየረ። 69,000 የሚሆኑ የቤቱ ክፍሎች ደግሞ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ተጸዱ፣ ተጠገኑ፣ የማይሆኑት ተተኩ። ያንን ሁሉ ድካም የደከሙት አጥንቱ ደህና ስለነበር ነው። የሰፈራችን በያጅም ያሉት ይህንኑ ነው።

ኪውን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ የተሸለሙት የእኛው የእፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እሳቸው የመሩት የጉለሌ የእፅዋት ማዕከል እዚሁ፣ ከሰፈራችን በላይ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሆን ቦታ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ችግኝ በዚህ ከፍታ ምን እንደሚፈልግ፣ ጥላው፣ ነፋሱ፣ የጠዋት ፀሐዩ፣ ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ቆሞ ማየት ይገባል።

ስለ ላስቲኩ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ተራውን ላስቲክ ለጣሪያ አትግዙ። ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር ላስቲክ የሚያደርቀው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጉለሌ ላይ ተራ ላስቲክ ዓመት ሳይሞላው እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ለግሪንሃውስ ተብሎ የሚሸጠው፣ ጨረር የሚቋቋመውና ወፈር ያለው፣ ሦስት ዓመት አካባቢ ያገለግላል። የአበባ እርሻዎቹም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ስትወጥሩት በምስማር ብቻ አትምቱት፤ ከላዩ ቀጭን ጣውላ ወይም ቁራጭ ጎማ አድርጋችሁ በእሱ ላይ ምቱት። ጣሪያው ደግሞ ይዘቅዝቅ፤ ላስቲክ ላይ የተጠራቀመ ውኃና በረዶ ክብደቱ ያረግበዋል፣ የረገበ ቦታ ደግሞ የበለጠ ያጠራቅማል። አናት ላይ መስታወት አድርጋችሁ ከሆነ ግን ባትመልሱት ደስ ይለኛል። የክረምቱን በረዶ ታውቁታላችሁ፤ ሥሩ ልጆች ይገባሉ።

ጫፉ ላይ አሸንዳ አድርጉለት። በ12 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፣ ማለትም አንድ ደህና የከሰዓት ዝናብ፣ 120 ሊትር ውኃ ነው። ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

(ሙዚቃ፤ ዝግ ያለ)

አሁን ሌሊቱ። አባቴን ያሳዘነው ሌሊቱ ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ውርጭ የሚመታው ደመና ባለበት ሌሊት ነው ወይስ ሰማዩ ጥርት ባለበት? መልሱን ገበሬ ያውቀዋል። ጥርት ባለበት ነው። ደመና ለምድር ብርድ ልብሷ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ሲራቆት፣ ምድር ቀን የሞቀችውን ሙቀት በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ላስቲኩ አያስቀረውም? ተራው ላስቲክ ብዙም አያስቀረውም፤ ያ የሌሊት ጨረር ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ባዶ የላስቲክ ቤት ውስጡ ከውጩ እኩል ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዴም ይብሳል። እንግዲህ አባቴ መውጫውን ሲቸነክር ሙቀቱ በቀዳዳው ሳይሆን በመላው ጣሪያ እየወጣ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ውድ አይደሉም።

አንደኛው ውኃ። አንድ በርሜል ጥቁር ቀብታችሁ፣ ውኃ ሞልታችሁ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ በኩል አቁሙት። ቀን ይሞቃል፣ ማታ ቀስ እያለ ሙቀቱን ይመልሳል። 200 ሊትር ውኃ በሌሊት 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት ባለ አንድ ሺህ ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲነድ የሚሰጠውን ያህል ነው። ያለ ቆጣሪ። በርሜል ከሌለ አሥር ጀሪካን ያው ነው። እኛ ሁለት አሮጌ የቀጨኔ እንስራም ጨመርንበት፤ እናቴ መጣል ስላልወደደቻቸው። አፋቸውን ክደኑት፤ ሕፃን እንዳይገባበት፣ ትንኝም እንዳይፈላበት።

ሁለተኛው መጋረጃ። ሽሮ ሜዳ ወርደን አቡጀዲ ገዛን። በጣሪያው ሥር ሁለት ሽቦ ወጥረን እንደ አልጋ መጋረጃ አንጠለጠልነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ይሳባል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይሰበሰባል። አቡጀዲው ወደ ሰማይ የሚሄደውን ሙቀት ይቀንሳል፤ ጠብታውንም ከቅጠሉ ያስቀራል። ሲርስ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት።

ምን ለውጥ አመጣ? ታኅሣሥ ላይ በሁለት ተከታታይ ጥርት ያሉ ሌሊቶች ሞከርነው። በመጀመሪያው ሌሊት መጋረጃውን ሰብስበን፣ ውኃውንም አውጥተን አደርን። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጭ 4 ዲግሪ፣ ውስጥ 4። በማግሥቱ ውኃው ቀን ሲሞቅ ውሎ፣ አቡጀዲው ተስቦ አደረ። ውጭ 4፣ ውስጥ 8። አራት ዲግሪ ለእኛ ምንም አይደለም። ለቃሪያ ችግኝ ግን የመኖርና የመሞት ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እባካችሁ ልጆችም ይስሙ። ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ ግሪንሃውስ ውስጥ አስገብታችሁ በር አትዝጉ። የከሰል ጢስ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለው። ጠዋት ተክሉን ሊያይ የገባ ሰው ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ደግሜ እላለሁ። ከሰል አይግባ።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

ምን ልትከልበት የምትሉኝ አላችሁ። ጎመንና ቆስጣ ቦታ አታስይዙበት፤ እነሱ የጉለሌን ብርድ ውጭ ሆነው ይችሉታል። ይህ ቤት ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለበሶብላ ነው። ከሁሉ በላይ ለችግኝ። በየካቲት የተዘራ ችግኝ በበልግ ዝናብ ወደ ውጭ ይወጣል።

አንዲት የአዲሱ ገበያ እናት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ደውለው "በሰሜን በኩል የጎረቤት ግንብ አለብኝ፣ በምሥራቅ የባሕር ዛፍ ረድፍ፤ የትኛው ነው የሚጎዳኝ?" ብለውኛል። እማማ፣ የሚጎዳዎት ባሕር ዛፉ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙ ስለማትርቅ የሰሜኑ ግንብ ብዙም አያጠላብዎትም። በምሥራቅ ያለው ዛፍ ግን የጠዋቷን ፀሐይ ይቀማዎታል፤ ጠሉን ከቅጠል ላይ የምታደርቀው ደግሞ እሷ ናት። ዛፉ የእርስዎ ከሆነ ዝቅ አድርገው ያስቆርጡት። የጎረቤት ከሆነ በቡና ሰዓት ይነጋገሩበት።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ዛሬ ሰው አትጥሩ፣ ዕቃም አትግዙ። ግቡና መተንፈሻው የት እንዳለ ፈልጉ። ከተቸነከረ ንቀሉት። ከሌለ የት እንደሚከፈት በኖራ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ምሰሶውን በቢላ፣ ብረቱን በካቻቢቴ ሞክሩ። አንድ ቴርሞሜትር ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ ስቀሉ፤ ነገ ንጋት 12 ሰዓት ላይና ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አንብቡና ጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት ስትደውሉ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እነዚያን አራት ቁጥሮች ነው።

(ገመድ ሲሳብና መዝጊያ ሲከፈት የሚሰማ ድምፅ፤ ከዚያ የመዝጊያ ሙዚቃ)